መመሪያው ሌላ፣ መዝገቡ ሌላ

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ፣ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ከአንኮበር ገበያ ሲመለሱ በረዶ ያዛቸውና መንገድ ዳር ካለ ቤት ጥግ ተጠለሉ። እዚያ ቀድማ የተጠለለችው የፈንጣጣ ክትባት የምትሰጠው ድሬሰር ብርሃነሽ ነበረች። ቄሱ ሰላምታዋን ተቀበሉ እንጂ ልባቸው አልተቀበላትም። ባለፈው ሳምንት ምራታቸው የልጅ ልጃቸውን ይመኙሻልን ብትወስዳት፣ መርፌ ሳይነካት «ተከትባለች» ተብላ ተመልሳለች። ያልሠሩትን ሠራን ብለው የሚጽፉ ምን እንደሚደብቁ ማን ያውቃል? የክርስትና ስም መሰብሰባቸውስ ለምን ይሆን?

«ልጄ፣ እስቲ መዝገብሽን አሳዪኝ» አሏት።

ብርሃነሽ ደብተሯንና ከደብረ ብርሃን የተላከላትን መመሪያ ዘረጋችላቸው። ቄሱ ሠላሳ ዓመት ብራና የገለበጡ ሰው ናቸውና ሁለቱን እያስተያዩ አነበቡ።

«መመሪያው ‹መጠሪያ ስም ከነአባት› ይላል። ያንቺ ደብተር ‹ስም› ብቻ። ምነው?»

«ዓምዱ ቢጠብብኝ አሳጠርሁት አባቴ። ስም ያው ስም ነው።»

«ያው አይደለም። ስሟ ማን ነው ስትያት፣ አንዷ እናት የቤቱን ትነግርሻለች፣ ሌላዋ የክርስትናውን። ይኸው ‹ወለተ ጊዮርጊስ፣ ተከትባለች› ብለሻል። በአጥቢያችን ሁለት ወለተ ጊዮርጊስ አሉ፤ አንዷ የታመነ ልጅ ንጋቷ፣ አንዷ የእኔዋ ይመኙሻል። የትኛዋን ነው የከተብሽው?»

ብርሃነሽ በደብተሩ ላይ ስሙን በጣቷ ፈልጋ አየችው። «ንጋቷን ይሆናል። ምራትዎ ያንኑ ስም ስትነግረኝ፣ ደብተሬን አይቼ መለስኋት።»

ቄሱ ግን ገና አላመኑም። «የክርስትና ስማችንን ለመተተኛ እንደማትሰጪ በምን አውቃለሁ?»

«መመሪያው የክርስትና ስም አይጠይቅም፤ አሁን በዓይንዎ አነበቡት። ያስጻፈኝ የራሴ አጭር ቃል ነው። እርስዎ መጽሐፍ ሲገለብጡ የዋናውን ቃል ያሳጥራሉ?»

«ካሳጠርሁማ ሌላ መጽሐፍ ጻፍሁ።»

«እኔም ሌላ መዝገብ ጻፍሁ አባቴ። ደብረ ብርሃን መዝገቡን የሚቀበለኝ ጸሐፊ ደግሞ በመመሪያው ቃል ነው የሚያነብብኝ።»

ጥፋቷን ሳትሸሽግ መናገሯ ቄሱን አለዘባቸው። የሚደብቅ ሰው እንዲህ አይናገርም አሉ በሆዳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብርሃነሽ አዲስ ገጽ አስምራ፣ አርእስቱን ከመመሪያው ቃል በቃል ገልብጣ መጣች። ቄሱ ራሳቸው ልጆቹን በመጠሪያ ስማቸው ከነአባታቸው እየጠሩ አሰለፉ። በሁለት ስም ሁለት ጊዜ የተጻፈ አንድ ልጅ፣ ተከትበዋል ተብለው የታለፉ አራት ሕፃናትም ተገኙ። ይመኙሻል መርፌው ነክቷት ስታለቅስ ክንዷን የያዙላት አያቷ ነበሩ።

በጥር ፈንጣጣ ከቆላ ሲወጣ ከዚያ አጥቢያ አንድም ልጅ አልወሰደም። ከዚያ ወዲህ ቄሱ ለሌሎች አጥቢያ ካህናት፣ «መመሪያ ያወጣውን ቃል መዝገብም ያንኑ ይጥራ፤ ያን ጊዜ የሚጽፈውና የሚያነበው ስለ አንድ ሰው ይነጋገራሉ፣ ልጅም በስም ሰበብ አይቀርም» እያሉ ይመክሩ ነበር። ቢሆንም ድሬሰር በመጣ ቁጥር፣ መመሪያውንና ደብተሩን ጎን ለጎን ሳያዩ አንድም ልጅ አላሰለፉም።