ጠፍር ለሞፈር፣ ባሌስትራ ለመኪና

ከሙጃ ወደ ላሊበላ በሚወስደው የጠጠር መንገድ፣ በጥር ወር አንድ ረፋድ ላይ፣ ሁለት እግሮች ከመኪና ሥር ወጥተው አየሁ። ያን ጊዜ የቀድሞ ተማሪዬ ዳግማዊት በምትነዳው ሞተር ሳይክል ከኋላ ተቀምጬ፣ በአንድ እጄ ባርኔጣዬን፣ በሌላው ነፍሴን ይዤ ስለነበር፣ የምወርድበት ምክንያት በማግኘቴ ደስ አለኝ። ዳግማዊት ሙያ ኮሌጅ ተምራ ከተማችን ውስጥ ጋራዥ የከፈተች ልጅ ናት። እኔ ያስተማርኳት ጂኦግራፊ ነው፤ መካኒክነቱን ከእኔ እንዳልወሰደች እመሰክራለሁ።

እግሮቹ የአያ ደባሱ ነበሩ። መኪናው ደግሞ ከእኔ የማስተማር ዘመን የሚበልጥ አሮጌ ፒክአፕ ነው። እሳቸው እንደ በሬ «ዳልቻ» ይሉታል። የአገሩ ሰው ግን ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ «ጋን ሰባሪው» ብሎታል፤ የማኅበር ጠላ ጭኖ ሲመጣ ሦስት ጋን መንገድ ላይ ሰብሮ አፍስሷልና።

«ምን ሆኑ አያ ደባሱ?» አልኩ ጎንበስ ብዬ።

«እኔስ ደኅና ነኝ መምህር። የዳልቻን ወገብ እያሰርኩ ነው» አሉ ከሥር።

ከኋላው ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች፣ አንዱ ተሰብሯል። አያ ደባሱ በውኃ የተነከረ የበሬ ቆዳ ጠፍር ጠምጥመው እያጠበቁበት ነው። የተሰነጠቀ ሞፈር እንዲህ ይታሰራል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተርና አንቆ ይይዛል። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብልሃታቸውን አደነቅሁ። ዳግማዊት ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አያ ደባሱ፣ አይቆጡኝና፣ ይህ ማሰር መኪናውን ይጎዳዋል።»

ሽማግሌው ወጥተው አቧራቸውን አራገፉ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ዳልቻን መንዳት ስጀምር እናትሽም አላገባችም ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው። እስቲ ልጠይቅዎ፤ ሞፈር የሚታሰረው ለምንድን ነው?»

«እንዳይነቃነቅ ነዋ!»

«የባሌስትራ ሥራው ግን መነቃነቅ ነው። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ብረቶቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ይለመጡና ምቱን ይውጡታል። እርስዎ ካሰሩት ምቱ የት ይሂድ?»

የት እንደሚሄድማ ሦስቱ ጋኖች መስክረዋል።

«ደግሞም ያልተሰበረውም ደክሟል» አለች ዳግማዊት። «ቅስቱ ጠፍቶ ተዘርግቷል፤ ዳልቻ ኋላው ወርዷል።»

«ዝቅ ቢል ምን ነውር አለው? እኛስ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጎንበስ እንል የለም እንዴ?»

«እንላለን። ስንወጣ ግን ቀና እንላለን። እሱ እንደጎነበሰ ቀረ።»

እኔ ሳቅሁ። አያ ደባሱ ሊቆጡኝ ከጀሉና የራሳቸው ሳቅ አመለጣቸው። ሳቁ ሲያልፍ ግን በልባቸው ያለው ወጣ። የልጅ ልጃቸው ፅናት በመጪው እሑድ ላሊበላ ትዳራለች። ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ ስምንት ጋን ጠላ ጠምቀዋል፤ ጠላ በፕላስቲክ በርሜል ማቅረብም ነውር ነው ባይ ናቸው።

«‹በሰው ሸክም አስወስደዋለሁ እንጂ በአንተ መኪና አንድ ጋን አይጫንም› አለችኝ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የአገሩን ሙሽራ ሁሉ ያመላለስኩ ሰው፣ በገዛ ቤቴ ሰርግ ባዶ መኪና ልንዳ መምህር?»

አንጀቴን በሉት። ዳግማዊትም አነጋገሯን ለዘብ አደረገች።

«እሑድ ሳይደርስ እንቀይረዋለን። ለዚህ መኪና ልክ የሆነ፣ አንድ ብረት የተጨመረበት አዲስ ባሌስትራ ጋራዤ ውስጥ አለ።»

«ትጨምሪበታለሽ? እንግዲያማ እጥፍ እጭናለኋ!»

«እሱንስ እንዳያስቡት! ባሌስትራው ቢጠነክር ፍሬኑ ያው የድሮው ነው። የጨመርነው ለመንገዱ እንጂ ለጭነቱ አይደለም።»

«እሺ፣ የተሰበረውን ጎን ብቻ ቀይሪልኝ። ሌላኛው ምን በደለ?»

«አያ ደባሱ፣ ሰንጋ በሬና የከሳ ወይፈን አብረው ጠምደው ያውቃሉ?»

«ምን ቆርጦኝ! ቀንበሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ትልሙም ይጣመማል፣…» አሉና መሀል ላይ ቆሙ። ዳልቻን አዩ፤ ልጅቱን አዩ። «አሃ!» አሉ።

ሰው ሲረታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በገዛ አፉ ተረትቶ እንዲህ ደስ ያለው ግን አላጋጠመኝም። ጠፍሩን በቢላዋ በጥሰው ኪሳቸው ከተቱ። በማግሥቱ ሁለቱም ጎን ተቀየረ፤ የመጨረሻዎቹን ቡሎኖች ያጠበቁት ራሳቸው ናቸው።

እትዬ አልጣሽ ግን በወሬ የሚያምኑ ሴት አይደሉም። ቅዳሜ ጧት አንድ ጋን ውኃ ሞልተው ጭድ ላይ አስቀመጡና፣ እሳቸውም ከኋላ ወጥተው አቀፉት። እኔን ለምስክርነት ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሦስቱ ጋኖች የፈሰሱበት ጉድጓድ ጋ ስንደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሚካኤልን ተጣሩ። ዳልቻ ዝቅ አለ፣ ቀና አለ። ውኃው እስከ ጋኑ አፍ መጥቶ ተመለሰ። ጉንጬን የነካችኝ አንዲት ጠብታ ብቻ ናት።

እትዬ አልጣሽ ዓይናቸውን ገለጡና እልልታቸውን አቀለጡት። ስምንቱም ጋን በዳልቻ ሄደ፤ አንዱም አልተነካም። በሰርጉ ላይ የመጀመሪያው ዋንጫ የተቀዳው ለዳግማዊት ነበር። አያ ደባሱ ተነሥተው፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ኖሯል!» ሲሉ ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙ ጋን በማዳን አላበቃም። ሰማይ ሰማይ ያይ የነበረው የዳልቻ መብራት አሁን መንገዱን ያያል፤ ጎማው በአንድ ወገን መበላቱን ትቷል፤ የአያ ደባሱም ወገብ ሌሊት አያስነሣቸውም። የአባቶች ብልሃት አልተጣለም፤ ያ ጠፍር ዛሬ በቦታው፣ በሞፈሩ ላይ ነው።

ሰርጉ ሲያልቅ አያ ደባሱ ሞተሩን አስነሥተው ባዶ ጋኖቹን ይጠብቁ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ገበያም ቅዳሴም በእግራቸው ሲሄዱ የከረሙት እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን ሰብስበው መጡ፣ የፊተኛውን በር ከፈቱ፣ ተደላድለው ተቀመጡ።

«በል ንዳ» አሉ። «ቤታችን እንግባ።»