ካባዋን ያልተገፈፈችው ጠገራ

ከጂዳ ወደ መካ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣትና ሩሰይፋ በሚባለው የመካ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሐጂ ተቀምጠዋል። ሐጂው የድሮ ሳንቲም እንደሚሰበስቡ ሲነግሩት ልጁ ዘሎ ሊነሣ ምንም አልቀረው።

«እኔም እኮ ጠገራ ብር አለኝ፣ ሐጂ!»

«ወላሂ? ከየት አምጥተህ?»

«አንዲት ባልቴት መዳም ዕቃ ቤቷን ሳጸዳላት ሁለት ሸለመችኝ። ይኸው አንዷ።»

«ያ አላህ! ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የምታብለጨልጨው?»

«በሎሚና በሳሙና ፈትጌያት ነዋ! ጥቁር ነበረች እኮ።»

«ጥቁረቱን እኛ ሰብሳቢዎቹ ካባ ነው የምንለው። አንተ ልጅ፣ ፊቷ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት እርቃኗን አስቀረሃት! ካባዋን የተገፈፈችን ጠገራ ሰብሳቢ ዞር ብሎም አያያት።»

«ውይ! እኔ እንድታምር ብዬ!»

«ሁለተኛዋንስ? እሷንም ገፈፍካት?»

«እሷንማ ሳሙናው አለቀብኝ።»

«ምን አልክ?»

«አለቀብኝ። ይኸው፣ ከሰል መስላ።»

«አልሐምዱሊላህ! ካባዋን እንደለበሰች! መነጽሬን፣ መነጽሬን የት አደረግኩት? ፊቷን እንዳትነካ፣ ጠርዟን ብቻ ያዝ!»

«ዛሬ ሳሙና ልገዛላት ነበር እኮ!»

«ኸላስ! ሳሙና የሚባል ነገር አጠገቧ እንዳይደርስ!»

ከጂዳ የገዛሁትን የሳሙና ካርቶን ቀስ ብዬ በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።