ለአንዲት ጥርስ የጣልነው እቁብ

ምነው እቴ የብርጓል፣ የዘጌው ጀልባ ዛሬስ ረሳን መሰል? ነይ፣ እዚህ ዋርካው ሥር ተቀመጭ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደልጊ ዓሣ ረክሷል አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ያው ነው፣ ውሃው አንድ፣ ዋጋው ሌላ... አደይ ደኅና ናት? አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች አይደል? ቁመቷማ አንችን አልፋለች።

ማስታወቂያውን እኔም ቆሜ አነበብሁት። የጥርስ ሐኪም ረዳት፤ አንድ ዓመት አዲስ አበባ፤ ሲጨርሱ ሰርተፊኬት። ደሞዙን በትልቁ ጽፈውታል። ትምህርቱ በነፃ ነው ይላል፤ የቤት ኪራዩንና ቀለቡን ማን እንደሚችል ግን አይልም። አሁን ልጅቱ ጨርቃ ጨርቅ ብትገባ በወሩ ደሞዝ ይዛ ትመጣለች። ደሞዟ ትንሽ ናት፣ ግን ትመጣለች። ወደ ጥርሱ ብትሄድ ዓመት ሙሉ ላኪዋ አንች ነሽ። ኋላ ደሞዟ ይበልጣል፣ አልካድሁም። ዳሩ የተጻፈው ሁሉ እጅ ይገባል ወይ? የድርቁ መዋጮ አለ፤ የእናት አገር ጥሪው አለ፤ የማኅበሩ አለ... ይህ ሁሉ ከተቆረጠ ወዲያ የተረፈው የተበደርሽውን በስንት ዓመት ይከፍላል? ሰው እንዲህ ብሎ ነው እንጂ ልጁን የሚሰድ።

ወይም ደግሞ ምን አስጨነቀሽ? እንደዚያች ሴት ማድረግ ነው።

ስሟ ምን ያደርግልሻል? በበጎ የሚነሳ ሰው ስሙ አይጠራም፤ ዓይን ይገባዋል።

ብልህ ናት መቼም። እንደ እኛ ጣቷን ስትቆጥር አልዋለችም። ልጇ ለዚሁ ለጥርሱ ትምህርት ያለፈ ሰሞን በቀጥታ እቁባችን መጣች። እጣው ተጠቅልሎ ጣሳው ውስጥ ገብቷል። ዳኛው ገብረ መስቀል ጣሳውን ሊነቀንቅ እጁን ሲያነሳ፣ እሷ ጉልበቷን መሬት አደረገችው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? እሷ እንኳ ልቧን ሳታስቸግር ነጠላዋን አራሰችው። «ልጄ ደሞዝ በያዘ በወሩ ውዝፉን ሁሉ እከፍላለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ታገሡኝ» አለች። እቁብ ሳይነቀነቅ ተሰጥቶ የት አገር ታይቷል? እኛ ግን ሰጠናት። ዋስ ሲባል ደግሞ አንዲት የዋህ እጇን አነሳች...

ምን ያስደነግጥሻል የብርጓል? አንችን ለመንካት አይደለም። አንችው ነሽ እንጂ፣ ለመንካት ግን አይደለም።

ልጁ ተመረቀ። ነጭ ካፖርቱን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ያላየ የቀበሌ ሰው አለ? ድመቶቹ ሳይቀሩ አይተውታል። ምደባው ግን በእጣ ሆነ። እናቲቱ ከጣሳው አመለጠች፤ ጣሳው ልጇን አገኘው። ቆላ ወረደ። እዚያ ጤና ጣቢያ የጥርስ ሐኪም የለም፤ ወንበሩም ገና ይመጣል ተብሏል አሉ። ረዳት ሆኖ ሄደ፤ የሚረዳው ሰው አልተመደበለትም። ቄስ እንደሌለው ዲያቆን በር ላይ ቆሞ ቀረ። የወባ ኪኒን ሲቆጥር ይውላል። እናቱ «ዶክተሩ ልጄ» ትላለች... ምን ነውር አለው? አፍ የሷ፣ ልጅ የሷ።

ቢሆንም ደሞዝ ደሞዝ ነው፤ መላክ ጀመረ። እኛም ደስ አለን። እሑድ እሑድ በር በሩን እናያለን። አንድ እሑድ ቀረች፤ ታማ ይሆናል አልን። በሌላው ቀረች፤ ልቅሶ ይሆናል አልን። ለካስ ምስኪን አዲስ አበባ ነበረች፤ የፊት ጥርሷን ወርቅ ስታስለብስ። እንዴት አድርጋ ትተወው? ልጇ በጥርስ ተመርቆ እናቱ በአጥንት ጥርስ ትሳቅ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኛ አብረን አንዲት ጥርስ አሰርን። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉ የለ ደግሞ? ይህስ በእኛ አልደረሰም። ወርቁን በዓይናችን አይተነዋል፣ ስትስቅ። እሱም ከስንት አንዴ ነው፤ እኛን ካየች አትስቅም።

ዝግ በይ እስቲ... ከኋላችን ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት እመት አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጥርሳቸውን አሟቸው ይሆን? ንፋስ እንኳ የለም። ሐኪም ልጅ ያላት ሴት በአቅራቢያ ብናውቅ ኖሮ እንጠቁማቸው ነበር።

ገብረ መስቀል እስከ እሑድ ክፈይ ነው ያለሽ? ምን ያድርግ፣ ዋስ ነሻ። ለአደይ ቀለብ ያስቀመጥሻትን ትቆጥሪለታለሽ። እስክትተኪያት ምዝገባው ያበቃል፤ ልጅቱም ክር ስትፈትል ትከርማለች። ክርም ሥራ ነው። ነጥቧ ከዚያኛው ልጅ ይበልጣል ሲሉ ሰማሁ፤ ግን ነጥብ ብቻውን የት ያደርሳል? ወሳኙ እናት ነው። አንች ደግሞ ከፍሎ ማደር እንጂ መንበርከክ አታውቂበት። ልጅሽን የጎዳሽ አንች ነሽ በይው።

አታልቅሽ፤ ሰው ያያል። ደግሞም እንባ ሲወጣ እቁብ የሚወጣው ለሁሉም አይደለም።

ይኸው ጀልባው መጣ፣ ተነሽ። እኒያ እመት ይቅደሙ፣ መንገድ ልቀቂላቸው። እየቸኮሉ ነው፤ ስለት ይኖርባቸዋል። ስለት ደግሞ ይከፈላል፣ ታቦት ዋስ አይቀበልም።

እኔ እንኳ ዛሬ ዘጌ ስደርስ ለዚያች ሴት ሻማ አበራላታለሁ። ምን ክፉ አደረገችኝ? ዕድሜዋን ያርዝምላት። ጠጉሯ ይንጣ፣ የልጅ ልጅ ትይ። ዓይኗ ሲፈዝ፣ ጉልበቷ ሲከዳት፣ እህል የሚያቀርብላት ሌላ ሰው ሲታጣ፣ «እጦርሻለሁ» ያላት ልጇ ይድረስላት። እሱንም እግዜር ልክ እንደ እናቱ ቃሉን የሚጠብቅ ያድርግላት... አሜን በይ እንጂ የብርጓል።