መዶሻና ማጭዱ የዘገዩበት ሐውልት

የምስክሩ ስም፦ ሙላት ማዕረግ
ዕድሜ፦ 51   ሥራ፦ ግንበኛ
አድራሻ፦ ሐይቅ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መስከረም 11 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ተጠርጣሪ ዘይኑልአቢዲን ኢስሃቅ የአብዮቱን ሐውልት ሆን ብሎ ለዱዓ እንዲያመች አድርጎ ሠርቷል ስለመባሉ

ተጠርጣሪውን የማውቀው በሥዕል መምህርነቱ ነው፤ ጠብም ዝምድናም የለንም። በሰኔ ወር 1976 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በከተማችን አደባባይ ሐውልት እንዲቆም ሲወሰን እሱ ነዳፊ፣ እኔ ግንበኛ ሆነን ተመደብን። ከበላይ የመጣው ፕላን መሃሉ ላይ ያለው ዋርካ ተቆርጦ ሜዳው በሲሚንቶ እንዲለበጥ ያዛል። ዘይኑልአቢዲን ግን ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለጓድ ፈንታሁን «ዛፉ አይነካ። ሐውልቱ ጥላው ሥር ይቁም፣ ፊት ለፊቱ የድንጋይ መቀመጫ እንደርድር። ፀሐይ እየጠበሰው ሐውልት የሚያይ ሰው የለም» አላቸው። ጓድ ፈንታሁንም ያንን ዋርካ የሚቆርጥ ሰው ስላጡ ሐሳቡን በአብዮታዊ ስሜት ተቀበሉት።

ሐውልቱ ሁለት እጁን ወደ ላይ የዘረጋ የሲሚንቶ ገበሬ ነው። በቀኙ መዶሻ፣ በግራው ማጭድ እንዲይዝ በሁለቱም መዳፎቹ ላይ ቀዳዳ ትተናል። ብረቶቹ ደሴ ይሠሩ ነበር። ነሐሴ ሲያልቅም አልመጡም። «ባዶ እጁን ሊመረቅ ነው?» ብዬ ስጠይቀው ዘይኑልአቢዲን «አብሽር ሙላት፣ ይደርሳል» አለኝ።

ጳጉሜን 1 ቀን ጠዋት ከአምባሰል በኩል በምግብ እጥረት (ምስክሩ ያሉት «በረሃብ» ነው) የወረዱ ገበሬዎች መጥተው መቀመጫዎቹ ላይ አረፉ። ቀና ሲሉ መዳፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ሰው አዩ። ወ/ሮ ዘይቱና ኑርዬ የተባሉ አሮጊት «አንተ ግንበኛ፣ ይሄ ሰውዬ ስለኛ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ አሚን የሚለው ሰው ይጣ? ና ቁጭ በል!» አሉኝ። እኔ ክርስቲያን ብሆንም ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴንም ያመኝ ነበር። በማግስቱ እስላሙም ክርስቲያኑም ተደባልቆ ሁለት መቶ ያህል ሆነ። ዝናብ ግን አልዘነበም።

መስከረም 2 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ለምረቃው የተጠሩ እንግዶች መጡ። ሕዝቡ ቀድሞ በሥርዓት ተቀምጦ ስላገኙት ጓድ ፈንታሁንን ስለ ቅስቀሳው አመሰገኗቸው። ዋናው እንግዳ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ሲሉ ሕዝቡ መዳፉን ዘርግቶ «አሚን!» አለ። «ምርታችን በእጥፍ ያድጋል!» ሲሉ ከፊተኛው ይበልጥ ጮኾ «አሚን!» አለ፤ ያለቀሱም ነበሩ። ንግግሩ እዚያ ላይ ቆመ። አሚን ማለት ተቃውሞ አይደለም ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ እስከማውቀው መስማማት ነው ብያለሁ።

ዘይኑልአቢዲን የተያዘው በዚያው ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። መኪና ላይ ሲወጣ «ሙላት፣ ቀዳዳውን አሳያቸው» አለኝ። ሆን ብሎ ነው ወይ ለሚለው መልሴ ይኸው ቀዳዳ ነው። ለዱዓ የሚዘረጋ እጅ መሃሉ አይበሳም። በማግስቱ ይህንኑ ለማስረዳት ጣቢያ መጥቼ፣ ስትፈለግ ትጠራለህ ተብዬ ተመልሻለሁ።

ባለቤቱ ፈዲላ በየቀኑ ምሳ ታመላልስ ነበር። መስከረም 9 ቀን ምሳ ዕቃው ሳይከፈት ተመልሶላት፣ ከእንግዲህ አታምጪ ተብላለች። መስከረም 10 ቀን መዶሻውና ማጭዱ ከደሴ ደረሱ። ግጠም ተብዬ ገጠምኩ፤ መሮ እንኳ ሳያስፈልገኝ ልክክ ብለው ገቡ። ዛሬ ለምስክርነት ተጠራሁ።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ፣ ቃሌ ተጠርጣሪው ባለበት ይነበብልኝ ብያለሁ። መርማሪው አይቻልም ብለውኛል።

ከላይ የሰፈረው ያየሁትና የሰማሁት ብቻ ነው፤ ሲነበብልኝ የእኔው ቃል መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሙላት ማዕረግ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ኑርሁሴን ጠሃ
ተጠርጣሪው ቃሉን ስለመስማቱ፦ አልተሞላም