ያማሃዬ በቁሐር ሰርግ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው አንድ የባህል ቡድን ወረታ ላይ ተጫዋች ሲመርጥ በዋለበት ማክሰኞ ነው። በሙዚቃ የተመረቅሁ ሰው ነኝና ያማሃ ጊታሬን አንግቼ ቀረብሁ። ገና ከቦርሳው ሳላወጣው የመራጮቹ ሰብሳቢ፣ «ይሄ የፈረንጅ ሣጥን የእኛን ዜማ አይችልም» ብለው አሰናበቱኝ። ከዚያ ወዲህ ከአባቴ ጋር ሩዝ አርማለሁ። ያማሃዬን ግን አልተውሁትም፤ በአንቺሆዬ ቃኝቼ ስመታው እንደ እሱ ያለ እንጨት ፎገራ ላይ የበቀለ አይመስለኝም።

ባለፈው ግንቦት ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የአጎቴ ልጅ ስትዳር ያልታሰበ ዝናብ ዳሱን ጥሶ ገባ። የአዝማሪው መሰንቆ ቆዳው ረጥቦ ረገበ፤ እሳት ቢያሞቁትም ድምፁ አልመለስ አለ። ሰርገኛው ማጉረምረም ሲጀምር አጎቴ፣ «አንተ ምሩቅ! ያችን ሆዳም ክራርህን አምጣትና ከውርደት አውጣኝ» አሉኝ። አዝማሪው እየሳቀ፣ «ምታ ወንድሜ፣ ግጥሙን ለእኔ ተውልኝ» አለ። መታሁት። ጭቃው እየተፈናጠረ ዳሱ በእስክስታ ተናወጠ፤ እኔም ደረቴ ሰፋ። ከሁሉ በላይ ትከሻቸውን የሚያንቀጠቅጡትን ሽማግሌ ቀና ብዬ ሳይ፣ እኒያው ያሰናበቱኝ ሰብሳቢ ናቸው! ላባቸው እየተንጠፈጠፈ መጥተው፣ «ጎሽ የኔ ልጅ! የአባቶችህን ዜማ አመጣኸው» እያሉ ግንባሬ ላይ ብር ሊለጥፉ ሲሉ እጃቸውን ያዝሁ።

«ሽልማቱ ይቅርብኝ ጋሼ። ያን ቀን አንዲት ዜማ እንኳ ሳይሰሙ ለምን ጣሉኝ? እዚሁ ሰው ፊት ይመልሱልኝ!»