ባለስድስት ቀንዱ ራውተርና ያልተጠየቀችው ምራት

ዳርቱ በወሰን ታክሲ ተራ ቆማ የመገናኛ ሚኒባስ ስትጠብቅ፣ ጎረቤቷ ጋሽ ገመዳ አንድ ሰፊ ካርቶን በብብታቸው ሸጉጠው ከዳገቱ ሲወርዱ አየቻቸው። ካርቶኑ ላይ ስድስት አንቴና ያቆመ ጥቁር ራውተር ሥዕል ይታያል። ይኼን ራውተር የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ባለፈው እሑድ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ጋሽ ገመዳ ቤት ተሰብስበው፣ እጃቸውን ጭነው የባረኩት ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ገመዳ? ራውተሩን ወዴት ይዘውት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ራውተሩማ ቤት ነው፤ እንደ አንበሳ ይሠራል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የጫልቱ ላፕቶፕ ነው። ሞቷል። መገናኛ አንድ ነጋዴ በቴሌቪዥን ሊለውጠኝ ተስማምቷል።»

ጫልቱ ምራታቸው ናት። ባሏ አዱኛ ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ እሷ ደግሞ ጡት የሚጠባ ልጇን ታቅፋ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ጽሑፍ እየተረጎመች ታድራለች። ትናንት ልጇን አዝላ ከኢንተርኔት ቤት ስትመለስ ዳርቱ አግኝታት ነበር። «ወረፋው ሳይደርሰኝ ልጁ በለቅሶ ፈጀኝ» አለቻት። «ነገ እስከ ማታ ሥራውን ካላደረስኩ ሌላ አይሰጡኝም።» ነገ ያለችው ዛሬ ነው።

የዳርቱ ደም ፈላ። ኮምፒውተር ማንም አላስተማራትም፤ ሰው የጣለውን እየፈታች፣ የፈታችውን እየገጠመች ነው ያወቀችው። ስለዚህም፣ ነገር ሳይመረምር «ሞቷል» የሚል ሰው ሲገጥማት ምላሷ አያርፍም። ቢሆንም ሽማግሌ ናቸውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጫልቱ መሸጡን ታውቃለች?»

«ስመለስ ታውቃለች። ቴሌቪዥን ሲገባ የሚያዝን ሴት አላየሁም።»

«ሞቷል ያለውስ ማነው?»

«ስልኬ ነዋ! አዱኛ ያመጣልኝ አዲሱ ስልክ ገና ከአጥሩ ስገባ ራውተሩን ያየዋል። ላፕቶፑ ግን አጠገቡ ተቀምጦም አያየውም። እንግዲህ የታወረው የቱ ነው? አንቺ ፍረጂ።»

«ተከሳሹን ሳልሰማ አልፈርድም። እስኪ ያውጡት።»

ከታክሲ ተራው ጀርባ ካለች ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ዳርቱ ላፕቶፑን ከፈተች። የጋሽ ገመዳ ቤት ከእንጦጦ ደን ሥር፣ መንደሩ የሚያልቅበት ነውና የጎረቤት ዋይፋይ የሚባል አይደርሰውም፤ እዚህ ግን የካፌው፣ የጋራዡ፣ የፎቶ ቤቱ ስም አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አለ። ከባለ ካፌዋ የይለፍ ቃል ጠይቃ አስገባች፤ ገጹ ወዲያው ተከፈተ።

«ይኸው፣ ሟቹ አፍ አወጣ» አለች።

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» ጋሽ ገመዳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ታዲያ ቤት ምን አኮረፈው?»

ዳርቱ የላፕቶፑን የኔትወርክ ካርድ ዓይነት ከፍታ አየች፤ ካርቶኑንም ገልብጣ ጀርባውን አነበበች። «ራውተር መልእክቱን በሞገድ ነው የሚልከው። አንዱ ሞገድ ሁለት ነጥብ አራት፣ ሌላው አምስት ጊጋኸርዝ ይባላል። ይኼ የእርስዎ በአምስቱ ብቻ ነው የሚያወራው። አዲሱ ስልክዎ ሁለቱንም ይሰማል። የጫልቱ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው የኔትወርክ ካርድ ግን የቆየ ነው፤ የሚሰማው ሁለት ነጥብ አራቱን ብቻ። ደንቆሮ ሆኖ አይደለም፣ በማይሰማው ሞገድ ጠርተውት ነው።»

«ሻጩ ከሁሉ ብርቱው ነው ብሎኛል። ቀንዱን አታይም?»

«ላፕቶፑን አሳዩት?»

«ምን ቤት ነው እሱ?»

«ጫልቱንስ ጠየቋት?»

ጋሽ ገመዳ ሳቁ። «ልጄ፣ የቤት ዕቃ የሚገዛ አባወራ ነው። ምራቴን አስከትዬ ከሱቅ ሱቅ ልዙር?»

የኛ ነገር እንዲህ ነው! ውሃ ቀድቶ የማያውቅ ባልዲ ይመርጣል፤ ጭስ ያልቀመሰ ምድጃ ይገዛል። ዕቃው አልሠራ ሲል ደግሞ ጥፋቱ የመራጩ አይሆንም፣ በዕቃው የምትሠራዋ ሴት ናት «አበላሸችው» የምትባለው። ዳርቱ ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ልትዘረግፈው ከጅሏት ነበር። ግን ሽማግሌን ሽማግሌው በሚያውቀው ማሸነፍ ይሻላል ብላ ጥያቄ አነሳች።

«ሲያርሱ በነበረበት ዘመን፣ አንዱ በሬ ቢሞትብዎ ሌላውን እንዴት ይገዙ ነበር?»

የሽማግሌው ፊት በራ። «እሱን ለእኔ ተዪው! ቤት የቀረውን በሬ ልኩን በዓይኔ ይዤ ነዋ ገበያ የምወጣ። ቁመቱን፣ እርምጃውን። ዘገምተኛ ከፈጣን ከጠመድሽ ቀንበሩ ይጣመማል፣ አንገታቸው ይላጣል። ቅንጃውን፣ አብሮ የሚጠመደውን ሳያይ በሬ የሚገዛ፣ እሱ ገበሬ አይደለም።»

«ቀንዱ ካማረስ?»

«ቀንድ ያርሳል እንዴ?» አሉና ካርቶኑ ላይ ያሉትን ስድስት አንቴናዎች አዩ።

«ላፕቶፑ የራውተሩ ቅንጃ ነበር፣ ጋሽ ገመዳ። እሱን ሳያዩ ገዙ፤ አልጠመድ ሲል ደግሞ ቤት የኖረውን፣ የሚያበላችሁን በሬ ሊያርዱ ወጡ።»

«በይ ይኹን፣ ተሳሳትኩ» አሉ ጋሽ ገመዳ። «ግን የተጸለየበት ዕቃ ይመለሳል? ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነውበታል! ሰውስ ምን ይለኛል? ገመዳ ገዝቶ መለሰ፣ ቃሉን በላ አይለኝም?»

አሁን ዳርቱ መታገሡን ተወችው። «የጸለያችሁት ለፕላስቲኩ ነው ወይስ ለቤቱ? ለቤቱ ከሆነ በረከቱ ቤት ቀርቷል፤ ፕላስቲኩ ይመለስ። ካርቶን ላይ የተጻፈውን ማንበብ እግዚአብሔር ለእኛ የተወው ሥራ ነው፣ በጸሎት አናመካኝ! ዕቃ መመለስ ምኑ ነውር ነው? ነውርስ የምታጠባን ሴት ዳቦ ሳይነግሯት በቴሌቪዥን መለወጥ ነው! ምራትዎ ዛሬ ማታ ሥራዋን ካላደረሰች ሥራዋ አበቃ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን ልትበሉ ነው?»

የሚኒባሱ ረዳት «መገናኛ፣ መገናኛ፣ አንድ ሰው!» እያለ መጣ። ጋሽ ገመዳ አልተንቀሳቀሱም። ሚኒባሱ ሄደ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

«ጫልቱ፣ ራውተሩን ከነገመዱ ንቀዪና ልጁን አዝለሽ ወሰን ውረጂ... አይ፣ አልተቈጣሁም። ዕቃ ልትመርጪ ነው። አዎ፣ አንቺ።»

ሦስቱም መገናኛ፣ ራውተሩ የተገዛበት ሱቅ ሲደርሱ ሻጩ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየ። ጋሽ ገመዳ ከዘራቸውን ባንኮኒው ላይ አጋደሙ።

«ለላፕቶፕ ነው ብዬህ ነበር። እኔ የማላውቅ ሽማግሌ ነኝ፤ አንተ ግን እንጀራህ ነው። ‹ካርዱ ምን ዓይነት ነው?› ብለህ አንዲት ቃል ጠየቅኸኝ? እስክትለውጥ እዚሁ እዘምራለሁ። ድምፄ ደግሞ አያምርም።»

ገበያተኛው ሳቀ፤ ሻጩ አልሳቀም፣ ግን ለወጠ። ጫልቱ ላፕቶፗን ከፍታ የካርዱን ዓይነት አሳየችው፤ በሁለቱም ሞገድ የሚሠራ፣ ዋጋው ከባለ ስድስቱ የቀለለ፣ ባለሁለት አንቴና መረጠች። እዚያው ሱቁ መስመር ላይ አስሰክታ ሞከረችው። ሲያያዝላት ለማንም ሳትናገር ላፕቶፑ ውስጥ ጨርሳ ያስቀመጠችውን ትርጉም ላከች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ልጁ ጀርባዋ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ከዚያ ወዲህ ጫልቱ ለኢንተርኔት ቤት ወረፋ ልጇን ብርድና አቧራ ላይ አላስለቀሰችም፤ ሥራዋም በእጇ ቀረ። ይኼን የምታነቡ ሁሉ እወቁት፤ ራውተር በአንቴና ብዛት አይመረጥም። የኔትወርክ ካርዱ የሚሰማውን ሞገድ ከላፕቶፑ አንብባችሁ፣ ከተቻለም ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳይሞከር አትክፈሉ። ከሁሉ በፊት ግን በዕቃው የሚሠራውን ሰው ጠይቁ። ይኼን ለማድረግ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፣ ትዕቢትን በር ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

በወሩ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ለመዘምራን ኪቦርድ ሊገዙ ተሰበሰቡ። አንዱ የቁልፉን ብዛት፣ አንዱ የድምፅ ማጉያውን ትልቅነት ሲያወድስ፣ ጋሽ ገመዳ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ወንድሞች፣ የሚጫወተው ማነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከኋላ ወንበር ጅሬኛ የምትባል ልጅ ቀስ ብላ እጇን አወጣች።

«ነዪ ወደ ፊት፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ገመዳ። «ንገሪን፣ እንሰማሻለን።»