ማጣሪያው እትዬ ዘይነባ ጓዳ ነው

ሞርስ ሮድ የሚባለው ጎዳና ላይ ያለው እትዬ ዘይነባ ምግብ ቤት ስደርስ የአውሮፓ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ሊጀመር ነው። ቤቱ ከመሙላቱ የተነሳ ዝንብ እንኳ ቆማ ነው የምታየው! የቀረችውን አንዲት ወንበር እኔና ጋሼ ሰይድ እኩል ያዝናት።

«በአገሩ ሊግ ሦስተኛ የወጣ ክለብ እዚህ ሻምፒዮኖች መሀል ምን ያደርጋል?» አሉኝ ወንበሯን እየጎተቱ።

«እንደ ሠርግ ነው ጋሼ! ያምናው ባለዋንጫና የትልልቅ አገር ሻምፒዮን ቤተ ዘመድ ናቸው፤ ቀጥታ ዳስ ይገባሉ። ሦስተኛ የወጣው ግን በር ላይ ታግሎ ነው የሚያልፈው፤ ማጣሪያ ይሉታል።»

እትዬ ዘይነባ ሰሙኝ። «ጎሽ! ጋሼ ሰይድ የዘወትር ደንበኛዬ ናቸው፤ ቀጥታ ይቀመጡ። አንተ ለኳስ ብቻ ብቅ የምትለው፣ ማጣሪያህ ጓዳ ነው፤ ድስቱን እጠብ!»

ግመል ከነሻኛው የሚያስገባ ድስት! ፈትጌ ፈትጌ ስወጣ ጨዋታው አልቆ ሰው ይበተናል። ጋሼ ሰይድ ወንበሯን ለቀቁልኝ። ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ፤ ምን ቢሉ ማጣሪያውን አልፌያለሁ!